የ15 ዓመት ልጅ አልጠግብ አለ፤ ምን ላብላው?

እመ ኪዳን፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ቁመቱ ተመዘዘ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ ይጫወታል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ምሳ ዕቃውን ሙልጭ፣ ማታ ሦስት እንጀራ በሽሮ ይበላና ሳይተኛ እንደገና ማድቤት ይገባል። በየቀኑ ሥጋ አቅም አይፈቅድም፣ ረቡዕና ዓርብም ይጾማል። ምን ቢበላ ይይዘዋል? እንዲህ መብላቱስ ጤና ነው?

ሲስተር፦ እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ ጤና ነው። ስፖርት የሚሠራ ወንድ ልጅ በዚህ ጊዜ በቀን ወደ 3,000 ካሎሪ ይፈልጋል፤ ከአባቱ ቢበልጥ አይግረምሽ። «ሆዳም» የሚለው ካለም አስቁሚ፣ ተደብቆ መብላት ይለምዳል። ግን እየበላ ከከሳ፣ ውሃ አብዝቶ ከጠጣና ሌሊት ለሽንት ከተመላለሰ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ፤ ለነገ አይባልም። ሆዱን እየቆረጠው ተቅማጥ ከተመላለሰበት ደግሞ ሰገራው ይመርመር።

ጓዳ፦ የማታው ረሃብ የሚጀምረው ጠዋት ነው። ዳቦ በሻይ እስከ ረፍት እንኳ አያደርሰውም። አንድ ብርጭቆ ቅንጬ በሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ አብስለሽ ቅቤ ጣል አድርጊበት፣ ከጎኑ ሁለት እንቁላል፤ እንቁላሉ ብቻ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እንቁላል ሲወደድ ፉል ይተካዋል።

እንጀራውን አትቁጠሪ፣ ወጡን አወፍሪ። ለአንድ ብርጭቆ ሽሮ አምስት ብርጭቆ ውሃ ከገባ ልጁ የሚጠግበው በውሃ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይርበዋል። ሦስት ይበቃል። ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ የፈላ ላይ በደረቁ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ምስር ስትሠሪ ደግሞ ለእሱ ብቻ 100 ግራም ያህል አስቢ፤ ደረቁን ስትለኪው የሻይ ብርጭቆ ሞላ ሳይል ማለት ነው። ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው፣ ከእንጀራው ጋር ሲሆን አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያገኘው ቆሎ ይኑር፦ ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ አንድ እጅ ለውዝ። ለየብቻ ይቆላ፤ አብረሽ ከቆላሽው ሽምብራው ሳይደርስ ገብሱ ያራል። ሽምብራው ተነክሮ ያደረ ይሁን፣ አለዚያ ጥርስ ይሰብራል። ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ ከከደንሽው ያልበውና ይለሰልሳል።

ዘይኑ፦ ጓዳ ሁሉን ብላዋለች፤ እኔ ስለ ጾሙ ልጨምር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ልምምዱ ከምግብ በኋላ ይሁን፣ በባዶ ሆድ መሮጥ ያዞረዋል። በጾም ቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በዳቦ ወይም ሱፍ ፍትፍት ብዙ ጉልበት በትንሽ ቦታ ይሰጣል። ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ብረቱን ሰውነቱ በደንብ እንዲወስደው። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ ያን ብረት የሚያስቀሩበት እነሱ ናቸው። በፍስክ ቀን ግማሽ ሊትር ወተት ወይም እርጎ ይጠጣ፤ በዕድሜው በቀን ከሚያስፈልገው 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም ግማሽ ያህሉን ይሸፍንለታል።

እመ ኪዳን፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሶ ለኳሱ ልስጠው? በላስቲክ ጠርሙስ ሳደርግለት ታች ይጋገራል።

ጓዳ፦ ስጪው እንጂ! ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቆንጠር ጨው፣ ማር ካለ ማር። ወዲያው መትተሽ ስጪው፤ ሲቆይ ይወፍራል፣ በሙቀት ካደረም ይኮመጥጣል። ሜዳ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ጭብጦ ይሻላል፦ በሶውን በትንሽ ውሃና ዘይት፣ በበርበሬና በጨው አሽተሽ በእጅሽ ጨብጠሽ አስይዢው።