ከፑዌንቴ ኼኒል እስከ ኦልቬራ መኪና የማይበዛበት የብስክሌት መንገድ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። በመጪው ሚያዝያ ድንኳኔን ብስክሌት ላይ ጭኜ የደቡብ ስፔንን ገጠር ለማቋረጥ እየተሰናዳሁ ሳለ መንገዴ መሃል ላይ ተቆረጠብኝ። ከኻኤን እስከ ፑዌንቴ ኼኒል ያለው 128 ኪሎ ሜትር አላስጨነቀኝም፤ የወይራ ዘይት ይመላለስበት የነበረ የባቡር ሐዲድ ተነስቶ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለቀቀ ስለሆነ መኪና አይገባበትም፣ ባቡርም ብርቱ ዳገት ስለማይወጣ ከፍታው ለዘብ ያለ ነው። ከኦልቬራ እስከ ፑዌርቶ ሴራኖ ያለው 36 ኪሎ ሜትርም 30 ዋሻዎች ያሉት ተመሳሳይ መንገድ ነው (የሚገርመው፣ ለባቡር ተሠርቶ ባቡር አንድም ቀን አልሄደበትም)።

የቸገረኝ በሁለቱ መካከል ያለው ነው። የስልኬ ካርታ አንዴ የጭነት መኪና ወደሚበዛበት አውራ ጎዳና፣ አንዴ ደግሞ በወይራ እርሻዎች መካከል ወደሚያልፍ የትራክተር መንገድ ይመራኛል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለው መንገድ ከዝናብ በኋላ ገብቼ፣ ጭቃው ጎማውና የጭቃ መከላከያው መካከል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ተሸክሜ ወጥቻለሁ።

በኤስቴፓና በኦሱና በኩል ይሻላል ወይስ በካምፒዮስ? የጎማዬ ስፋት 40 ሚሊሜትር ነው። በብስክሌት ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ ያደራችሁበትን መንደርና ውሃ የቀዳችሁበትን ቦታ ጭምር ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።