የደም ናሙናችን ሆስፒታል ሳይደርስ እየተበላሸ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም የላብራቶሪ ባለሙያዎች። የምሠራው ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ለኩላሊት ምርመራ የምንልከው ደም በተደጋጋሚ «ሄሞላይዝድ ነው»፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል፣ ተብሎ ይመለሳል። ሴሎቹ ሲፈነዱ ፖታሲየሙ ያለልክ ከፍ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ በዚያ ውጤት መድኃኒት ቢያዝስ? ጭንቀቴ ይሄ ነው።

ክንድ ማሰሪያውን ከ1 ደቂቃ በላይ አናቆይም። አልኮሉ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ቲዩቡን ቀስ ብለን እንገለብጣለን እንጂ አንንጠውም። ደሙን አሽከርክሮ ሴረሙን (ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) ከሴሎቹ የሚለየው ሴንትሪፊውጃችን ግን ተበላሽቷል። ደሙ ሴረሙ ሳይለይ በሞተር ሳይክል፣ በኮረኮንች መንገድ ይሄዳል። በረዶ ላይ እንዳናስቀምጠው ደግሞ ቅዝቃዜው ራሱ ፖታሲየሙን ከሴሎቹ ያስወጣዋል።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ፣ እንዴት ተወጣችሁት? ደሙ ረግቶ ሴረሙ በራሱ ሲለይ ቀድቼ ብልከው ያስኬዳል? ታካሚዎቹን ደጋግሞ መውጋት ከብዶኛል፤ በተለይ ሕፃናቱን። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።