ኮሎምበስ ወይስ ራሌይ? ቤት ለመግዛት ግራ ገባን

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ 11 ዓመት ተከራይተን ኖረናል። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሥራ የትም አናጣም። ለቅድመ ክፍያ 60 ሺህ ዶላር አለን። በዚህ ብር እዚህ ቤት ማሰብ ዘበት ነው። ገና እያደገ ያለ ከተማ ገብተን አብረነው እንደግ አልንና ኮሎምበስ ኦሃዮና ራሌይ ኖርዝ ካሮላይና ላይ ደረስን።

መጀመሪያ የሕዝብ ቆጠራ አየሁ። ከ2010 እስከ 2020 ኮሎምበስ ከ787 ሺህ ወደ 905 ሺህ፣ ራሌይ ከ403 ሺህ ወደ 467 ሺህ። በቃ ኮሎምበስ አልኩ። በመቶኛ ሳሰላው ግን ሁለቱም ከ15 በላይ! ለካ ኮሎምበስ ውሃና ፍሳሽ መስመር የፈለገውን ዳርቻ ሁሉ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ራሱ እየጠቀለለ የሰፋ ነው። ራሌይ አጠገብ ያሉት ደርሃምና ኬሪ ደግሞ ለብቻቸው ይቆጠራሉ።

ኢንቴል በ2022 ኮሎምበስ አጠገብ የ20 ቢሊዮን ዶላር የቺፕ ፋብሪካ እሠራለሁ ሲል ልቤ ወደዚያው አደላ። እሱም ወደ 2030 ተገፋ። ሄደን ስናይ ሐበሻው ብዙ ነው፣ እንጀራው ትኩስ ነው። ልጄ ግን መሀል ከተማ ቆማ «አባ፣ ባቡሩ የታለ?» አለችኝ። የለም! ራሌይ ባቡር ጣቢያ አለው፤ ነገር ግን ሦስት ቤት ላይ ዋጋ ሰጥተን ሦስቱንም ተቀደምን።

የቤት ኪራይ ውላችን በሁለት ወር ያልቃል። 20 ዓመት አስቦ ለሚገዛ ሰው፣ ከሁለቱ የትኛው ነው የምር ትልቅ ከተማ የሚሆነው?