ልጄ አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት መቅረቱ ይህን ያህል ያሳስባል?

ጥያቄ (የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት)

ጤና ይስጥልኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የክፍል ኃላፊው መምህር አስጠርተውኝ፣ እስካሁን ከነበሩት 90 የትምህርት ቀናት ውስጥ 11ዱን መቅረቱን ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ልጄ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ቀርቶ አያውቅም፣ በቀረ ቁጥርም ማስታወሻ እልካለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ጠዋት ሆዱን ሲያመው ነው፤ ረፋድ ላይ ግን ይሻለውና ሲጫወት ይውላል። አሥራ አንድ ቀን በእርግጥ ብዙ ነው? አመመኝ የሚል ልጅስ በግድ ይላካል?

መልስ (መምህር)

መምህሩ ያስጠሩዎት ሊወቅሱዎት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 ላይ ልጆች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ እንዲከታተሉ የሚያበረታታ እርምጃ እንዲወሰድ ስለሚያዝ፣ የቀሪ ተማሪዎችን ጉዳይ መከታተል የሥራችን አካል ነው።

ወደ ቁጥሩ ስመጣ፣ ከ90 ቀናት 11ዱ ከመቶ 12 ያህል ይሆናል፤ ባለሙያዎች ደግሞ ከመቶ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አሳሳቢ ነው ይላሉ። በወር ሁለት ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ በዘጠኝ ወር 18 ቀን ስለሚቀር፣ የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ከሆነ እዚያው መስመር ላይ ይደርሳል። ማስታወሻ መላክዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማስታወሻው ያመለጠውን ትምህርት አይመልስም። ለምሳሌ ሰኞ ማካፈልን እጀምራለሁ፣ ማክሰኞ ቀሪ ያለውን ማካፈል አሳያለሁ፣ ረቡዕ መልመጃ እሰጣለሁ። ማክሰኞ የቀረ ልጅ ረቡዕ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስለሚገለብጥ ደብተሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ያ ቁጥር ከየት እንደተረፈ ግን አያውቅም። (ስም ስንጠራም፣ ስናካፍልም «ቀሪ» የምንለው በአንድ ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) ማርፈድም እንደዚሁ ነው፤ በየቀኑ 10 ደቂቃ የሚያረፍድ ልጅ በ180 ቀናት ውስጥ 30 ሰዓት ያጣል።

መልስ (ነርስ)

ስለ ሆድ ሕመሙ ብቻ ልጨምር። ጭንቀት የሚያመጣው የሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ስለሆነ «እየዋሸህ ነው» አይበሉት። በመጀመሪያ ሐኪም አንድ ጊዜ ይየው፤ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ክብደቱ የሚቀንስ ወይም ሰገራው ደም ያለበት ከሆነ ሳይዘገዩ ይውሰዱት። ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ ቤት ሊቆይ ይገባል። ከዚህ ውጭ፣ ሐኪሙ ምንም ካላገኘ፣ ቅዳሜና እሑድ የማይታይና ረፋድ ላይ የሚለቅ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚያስፈራው ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ቤት በቀረ ቁጥር ጭንቀቱ ወዲያው ስለሚቀልለት በሚቀጥለው ጊዜ መሄዱ ይበልጥ ይከብደዋል። የግድ ከቀረም ቀኑ የጨዋታ ቀን ሳይሆን የዕረፍት ቀን ይሁን፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ልጁም ይተኛ።

መልስ (የሁለት ልጆች አባት)

እህቴ፣ የቀን መቁጠሪያ አውጥተው የቀረባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ያክብቡባቸው። እኔ ይህን ሳደርግ የልጄ ቀናት ሁሉም ማለት ይቻላል ሐሙስ ላይ ወደቁ። ሐሙስ በየተራ ቆመው ጮክ ብለው የሚያነቡበት ቀን ነበር። «ለምን አትሄጂም?» እያልኩ ለወራት ስጠይቃት «እንጃ» እንጂ ሌላ መልስ አላገኘሁም፤ «ከቀኑ ውስጥ ቶሎ ቢያልፍልሽ የምትይው ሰዓት የትኛው ነው?» ስላት ግን ወዲያው ነገረችኝ። መምህርቷ ምንባቡን ከዋዜማው ይሰጧት ጀመር፤ እኛም ማታ ማታ አብረን እናነበው ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እያለቀሰችም ቢሆን ሄዳለች፣ ያ ጊዜ ቀላል አልነበረም።

መልስ (አሳዳጊ አክስት)

በእኛ ቤት የጠዋቱ ትርምስ የቀነሰው ቦርሳና ልብስ ማታ ስለሚዘጋጅና የመኝታ ሰዓት ስለማይዛነፍ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ስለሄደ ገንዘብ መስጠትን ግን አልደግፍም፤ እኔ ሞክሬው ዋጋው በየሳምንቱ ጨመረብኝ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቀናቱን አከበብኳቸው፤ ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ማክሰኞ ናቸው። ትናንት ማታ እግሩን እያጠብኩ በተነገረኝ መንገድ ስጠይቀው ዝም ብሎ ቆየና «መጀመሪያ ስፖርት ነው» አለኝ። ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ ቡድናቸውን ሲመርጡ ሁልጊዜ ማንም ሳይመርጠው የሚቀረው እሱ ነው። ነገ መምህሩን አነጋግራለሁ፤ የሐኪም ቀጠሮውንም ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስይዣለሁ።