የማሪዮን ባሪ የክረምት ሥራ፦ ውል ሳይኖር ልጅ ማስመዝገብ ይቻላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን 15 ዓመቱ ነው። ለዋሽንግተን ዲሲው የማሪዮን ባሪ የክረምት ሥራ (የከተማው የወጣቶች ሥራ ፕሮግራም) የነዋሪነት ማስረጃ ተጠየቅን። ቤዝመንት ነው የተከራየነው፤ ውል የለንም፣ የመብራት ሂሳቡም በአከራዩ ስም ነው። ምን እናቅርብ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ፕሮግራሙ ከ14 እስከ 24 ዓመት ላሉ የዲሲ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አትድከሙ። ምዝገባው የሚከፈተው ገና በብርዱ ወራት ስለሆነ ሰኔን አትጠብቁ። የኛን ሰው የሚያንገላታው ስም ነው። ማስረጃው በእናት ስም ሲሆን ከልጁ የአባት ስም ጋር አይገጥምም፤ የልደት ሰርተፍኬቱን ከነትርጉሙ አያይዙ። አከራዮች ውል መጻፍ የሚፈሩት ብዙ ጊዜ የኪራይ ፈቃድ ስለሌላቸው ነው። በቃል የተከራየም ቢሆን በዲሲ ሕግ ተከራይ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የባንክ ደብዳቤስ ይሆናል?

መልስ 2፦ ልጁ ፕሮግራሙ በስሙ የተሰየመለትን ሰውዬ ታሪክም ይወቅ። ባሪ እ.ኤ.አ. በ1936 ሚሲሲፒ፣ ኢታ ቤና ተወለደ። ኬሚስትሪ ተምሮ በማስተርስ ተመረቀ፤ በ1960 ለጥቁሮች መብት የታገለው የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል ኮሚቴ (SNCC) የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆነ። ዲሲ በ1965 መጣ። በ1977 የከተማው አስተዳደር ሕንፃ በታጣቂዎች ሲያዝ፣ የምክር ቤት አባል ሳለ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ዓመት ከንቲባነቱን አሸነፈ፤ የክረምት ሥራውን የጀመረው ሥልጣን እንደያዘ በ1979 ነው።

መልስ 3፦ ሙሉውን ንገሩት እንጂ። በ1990 በኮኬይን ተያዘ፣ ስድስት ወር ተፈረደበት። በ1994 ተመልሶ ቢመረጥም ከተማዋ በመክሰሯ ኮንግረስ በ1995 የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ አስቀመጠባት።

መልስ 2፦ የተያዘበትን ማንም አይክድም። ኪሳራው ግን የእሱ ብቻ አይደለም። ዲሲ ክፍለ ሀገር ሳትሆን የእስር ቤቱን ወጪ እንደ ክፍለ ሀገር፣ የትምህርት ቤቱን ደግሞ እንደ ከተማ ትከፍል ነበር። የሠራተኞች የጡረታ ዕዳ ከፌዴራል መንግሥት የወረደባት ነው፤ ኮንግረስ ራሱ በ1997 ዕዳውንም እስር ቤቱንም መልሶ ወሰደ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ እያደረ ዲሲ የሚሠራውን ደግሞ የገቢ ግብር ማስከፈል እስከዛሬ ተከልክላለች። በ1968ቱ ረብሻ የተቃጠለው ዩ ስትሪት፣ 14ኛው ማዕዘን ላይ የመንግሥት ሕንፃ ያቆመውስ ማን ነው? የኛ ምግብ ቤቶች ኋላ የተከፈቱት በዚያው ሰፈር ነው።

መልስ 3፦ ሕንፃውን አልካድኩም። በሱ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛው ቁጥር አብጦ ነበር፤ ያንን ደመወዝ ኮንግረስ አልፈረመም።

መልስ 4፦ አማርኛ አስተርጓሚ የማግኘት መብታችንንም ያመጣው ባሪ ነው።

መልስ 1፦ አይደለም ወንድሜ። የቋንቋ ሕጉ የ2004 ነው፤ ያኔ ከንቲባው አንቶኒ ዊሊያምስ ነበሩ፣ ባሪ ወደ ምክር ቤቱ የተመለሰው በ2005 ነው። መብቱ ግን ለጠያቂዋም ይሠራል፤ ምዝገባው ቢሮ ደውለው አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ በነፃ ነው።