አጥሩን ለጳጉሜን እንያዘው? (ለተማሪ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርስ)

ጸሐፊዋ፦
ልጆች፣ ዘንድሮ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ አዲሶች ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ከት የምንለው ሳር ሜዳ ላይ ያለው ባለቀለም አጥር ምንም ነገር አያጥርም። ድሮ ቦታው ሸለቆ ነበር፣ በላዩም ድልድይ። በአንድ ወገን የሴቶቹ ኮሌጅ ማርጋሬት ሞሪሰን፣ በሌላው ወገን ወንዶቹ፣ መገናኛቸው ድልድዩ። ሸለቆው በአፈር ሲሞላ ድልድዩ ፈረሰና በፈረንጅ 1923 በምትኩ የእንጨት አጥር ቆመ። ማንም አልወደደውም ይባላል፣ አንድ የወንዶች ማኅበር ሌሊት ቀብቶ የድግስ ማስታወቂያ እስኪያደርገው ድረስ። ከዚያ ወዲህ መቀባቱ አላቆመም።
ደንቡ አጭር ነው። በብሩሽ ብቻ፣ ሮለርና ስፕሬይ የለም። መቀባት የሚቻለው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ነው። አጥሩን የያዘ ቡድን ቀንም ሌሊትም ሳይለይ እየጠበቀ እስከቆየ ድረስ የሱ ነው፤ ጥሎ ከሄደ ቀጣዩ ይወስደዋል።
የኔ ሐሳብ፦ ለ2019 ዓ.ም. መስከረም 1 ጠዋት ሰው ወደ ክላስ ሲሄድ አጥሩ አደይ አበባ ለብሶ ይጠብቀው።

አርክቴክቸር 3ኛ ዓመት፦
ሐሳቡ ያምራል፣ ቀኑ ግን ያስቸግረናል። መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ያውም 2026፣ አሜሪካ ላይ የሽብር ጥቃቱ ከደረሰ ልክ 25ኛ ዓመቱ። እኛ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለን በቢጫ አበባ ስናሸበርቅ ሰው የሞተበትን የሚያስብ ተማሪ በዚያ ሲያልፍ ምን ይሰማዋል? ክፋት እንደሌለን እኛ እናውቃለን፣ እሱ ግን አያውቅም። ቆመን ለእያንዳንዱ ስለ ዘመን አቆጣጠር ልናስረዳ ነው?

ሒሳብ ያዥ፦
ይቅርታ ግን በዓላችንን ከነሱ ሐዘን በፊት ስንት መቶ ዓመት ስናከብር ኖረናል። ሁልጊዜ አንገት መድፋት ሰለቸኝ።

አርክቴክቸር 3ኛ ዓመት፦
አንገት መድፋት አይደለም ወንድሜ። ለቅሶ ቤት አጠገብ ሰርግ ቢኖርህ ከበሮውን ቀነስ ታደርጋለህ። እናትህም ትቆጣሃለች።

ሒሳብ ያዥ፦
እሺ፣ እናቴን አታምጣብኝ። ታዲያ መቼ?

ጸሐፊዋ፦
መስቀል እሁድ ነው የሚውለው፣ ሴፕቴምበር 27። ግን እሱ የሃይማኖት በዓል ነው፣ ማኅበሩ ውስጥ ሙስሊሞችም ጴንጤዎችም አሉን።

ዶክትሬት ላይ ያለሁት ሽማግሌ፦
ለምን ጳጉሜንን አንቀባም? ከሴፕቴምበር 6 እስከ 10 ነው፣ አምስት ቀን። ከ11ኛው በፊት ያልቃል፣ ከማንም ጋር አንጋጭም። ደግሞም ለፈረንጅ ከአዲስ ዓመት ይልቅ የሚገርመው 13ኛ ወር መኖሩ ነው። አዲስ ዓመት ሁሉም አለው፣ አምስት ቀን ያላት ወር ግን የት አይተው ያውቃሉ?
በየሌሊቱ አንድ ቁጥር ብቻ እንቀይራለን። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭። በግዕዝ ቁጥር፣ ትልልቅ አድርገን። ከስር አንድ መስመር ማብራሪያ በእንግሊዝኛ።

አርክቴክቸር 3ኛ ዓመት፦
ጋሽዬ ይህ ነው! ቢጫ መደብ፣ ጥቁር ቁጥር። የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያለበትን ክፍል ብቻ በቢጫ አጥፍተን እንደገና መጻፍ ነው።
ባንዲራ ግን እንዳይኖር በሐሳቡ ላይ ይጻፍ። ባለኮከቡ፣ ያለኮከቡ፣ የትኛው እያልን ጳጉሜን ያልቅብናል። ኤርትራውያን አባሎቻችንም ቅዱስ ዮሐንስን ያከብራሉ፣ ቁጥሩ የነሱም ነው።

2ኛ ዓመት፦
«የ13 ወር ፀጋ» ብለን ብንጽፍስ?

ዶክትሬት ላይ ያለሁት ሽማግሌ፦
ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያንን ያወጡት ለቱሪስት ነው፣ እኛ ደግሞ ቲኬት አንሸጥም። «ዛሬ ጳጉሜን ፫ ነው» በቂ ነው።

2ኛ ዓመት፦
ዝናብ ቢመጣስ? ፒትስበርግ እኮ ናት።

ጸሐፊዋ፦
ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ጸበል ነው፣ አትማረሩ 😂 የምሬን ግን፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ቶሎ ጀምረን ቶሎ መጨረስ አለብን።

አርክቴክቸር 3ኛ ዓመት፦
በነገራችን ላይ ትናንት ሄጄ አየሁት። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቆ አንድ ቁራጭ ወድቋል፣ አነሳሁት። ውፍረቱ ከደብተሬ ይበልጣል። ጎኑን ስታዩት ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ እንደገና ሰማያዊ፣ ልክ እንደ ሽንኩርት። የድሮው የእንጨት አጥር በ1993 የወደቀው በቀለሙ ክብደት ነው፣ የአሁኑ ኮንክሪት ነው። በጊነስ መዝገብ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ የተቀባ ዕቃ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። የኛ ቢጫም አንድ ቅጠል ትሆናለች ማለት ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
ወደ ሥራ እንግባ። 5 ቀን 120 ሰዓት ነው። በ4 ሰዓት ፈረቃ 30 ፈረቃ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ይተኛል፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት እናድርግ፣ 60 ቦታ። 20 ሰው ካገኘን ለእያንዳንዱ 3 ፈረቃ ይደርሳል። ሴፕቴምበር 7 ሌበር ዴይ ነው፣ ክላስ የለም፣ ለዚያ ዕለት የቀን ፈረቃ ሰበብ አልቀበልም። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት ይሁን፣ ብሩሽ ባለፈው ዓመት የገዛነው አለ፣ ያላጠባችሁት ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከኪጋሊ ካምፓስ፦
እኛስ? ኪጋሊ ያለነው ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። እናንተ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ይነጋል። እናንተ ብሩሽ ስትነክሩ እኛ ቡና እየጠጣን በቪዲዮ እንግባ። ቢያንስ የሌሊት ጠባቂው እንዳይተኛ እናጫውተዋለን። በሐሳቡ ላይ ጨምሩን።

ጸሐፊዋ፦
ተጨምራችኋል። እስካሁን ያለው ይህ ነው፣ ቅር የሚለው ዛሬ ማታ ይናገር፦
«ማኅበሩ ከሴፕቴምበር 6 እስከ 10፣ 2026 አጥሩን ይዞ የጳጉሜንን አምስት ቀናት በግዕዝ ቁጥር ይቀባል። ባንዲራም ሆነ የሃይማኖት ምልክት አይኖርም። ሴፕቴምበር 11 ከመግባቱ በፊት አጥሩ ይለቀቃል፣ ለዚያ ቀን የሚፈልገው ቡድን ካለ አስቀድመን እናነጋግረዋለን። የኪጋሊ አባላት በሌሊት ፈረቃ በቪዲዮ ይሳተፋሉ።»
አጥሩ በሌላ ቡድን ተይዞ ካገኘነውስ? እስኪለቁ መጠበቅ ወይም መለማመጥ ነው። ያንን ለእኔ ተዉት።

ዶክትሬት ላይ ያለሁት ሽማግሌ፦
ለሚቀጥለው ኮሚቴ ማስታወሻ፦ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12፣ 2027 ላይ ይውላል። ያኔ አደያችሁን ቀቡ።

2ኛ ዓመት፦
እኔ የሩፋኤልን ፈረቃ እወስዳለሁ፣ ከ8 እስከ 12።

ሒሳብ ያዥ፦
በማን ሰዓት? አምና «6 ሰዓት ኑ» ብለን በሀበሻ ሰዓት ስንቀባ አንተ ጠዋት ብሩሽ ይዘህ መጣህ።

2ኛ ዓመት፦
በሀበሻ። ሌሊት። ስልኬ ላይ ሞልቼዋለሁ።