ደብተር ገዝተን ሰጠን፣ ልጆቹ ግን ጥር ላይ የሉም፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የአምባው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ትውልዴ ደቡብ ወሎ ገጠር ነው። አሁን አዲስ አበባ ሹፌር ነኝ። አምስት የአገር ልጆች ሆነን በወር 15 ሺህ ብር እናዋጣለን። ዓምና መስከረም ላይ ለተማርንበት ትምህርት ቤት ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ይዘን ሄድን። ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበልን፣ ተመለስን።
ለጥምቀት ስወርድ አምስተኛ ክፍልን ጎራ ብዬ አየሁት። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ከሰጠናቸው ቦርሳዎች አንዱን ያገኘሁት ግጦሽ ላይ ነው፤ እረኛው ልጅ ቆሎ ቋጥሮበታል። «ለምን ቀረህ?» ብዬ ብጠይቀው «ጤፍ ስንወቃ ቆየሁ፣ ከዚያ አፈርኩ» አለኝ።
ዘንድሮ ገንዘቡን በምን እናውለው? ምሳ? ዩኒፎርም? ወይስ ለወላጅ በእጅ እንስጥ?

መልስ፦ ጠመኔ
ወንድሜ፣ ገጠር 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። መልሱን ልጁ ነግሮሃል፤ «አፈርኩ» ብሎሃል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት ይቀራል። ሲመለስ ሒሳቡ ከክፍልፋይ ወደ አስርዮሽ ሄዷል። መምህሩ ደግሞ «የት ከርመህ ነው?» ብሎ ክፍሉ ፊት ያቆመዋል። እኔም አቁሜ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። ልጁ ሁለተኛ አይመጣም።
እኛ በኋላ የሠራልን ነገር ከገና ቀጥሎ ለአንድ ወር ቅዳሜ ጠዋት ማካካሻ ማስተማር ነው። ለሁለት መምህራን መጠነኛ አበል ይበቃል። ሌላው ወጪ የለውም፦ አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ ልጅ ቤት ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አንድ ሰው ይሂድ። ኅብረቱ በየትምህርት ቤቱ አለ። ብዙ ቦታ የሚሰበሰበው መዋጮ ሲፈለግ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ።

መልስ፦ ሂሳብ አዋቂ
ምሳውን ተወው። ልጆቹ 200 ቢሆኑ 15 ሺህ ብር ለአንድ ልጅ በወር 75 ብር ነው። ለ20 የትምህርት ቀን ስታካፍለው በቀን አራት ብር አይሞላም። ንፍሮም አይሆን። ሁለት ወር አብልታችሁ ብታቋርጡ ደግሞ ከነጭራሹ ባትጀምሩት ይሻላል።

መልስ፦ እናት ከጅዳ
እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ያስወጣኝ ውኃ ነው። 20 ሊትር ጄሪካን አዝዬ ከምንጭ ስመለስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አልቋል። በዚያ ላይ የወር አበባ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር አልነበረውም። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላ ዘርግታ ትቆማለች። ወንዶቹ ይስቃሉ። በወር አራት ቀን ቀረሁ፣ ከዚያ ስድስት ቀን፣ ከዚያ ጭራሽ ተውኩት።
እባካችሁ መጀመሪያ በርና መቀርቀሪያ አሠሩ። ታጥቦ የሚያገለግል ሞዴስ ገዝታችሁ ለአንዲት ሴት መምህር ስጡ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከተቀመጠ ማንም ሴት ልጅ ሄዳ አትጠይቅም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር መሆኑን አትርሱ። የወንበር ጓደኛዬን የዳሯት በጥር ነው።

መልስ፦ ጠመኔ
እህቴ እውነት ብለሻል። ከ18 ዓመት በታች መዳር በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ግን ድንኳን ከተተከለ በኋላ ሕግ መጥቀስ ጎረቤትን ከማቃቃር አያልፍም። ወሬው ታኅሣሥ ላይ ይሰማል። ጓደኞቿ ቀድመው ያውቃሉ፤ እነሱን ጠይቁ።

መልስ፦ ባላገሩ
ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ወላጁ ትምህርት ጠልቶ አይደለም። አራት ልጅ አለኝ፤ ሁሉንም ብልክ ከብቱን ማን ይጠብቅ? እኛ ጋ ሰባት ቤት ተስማምተን ከብቱን ቀላቀልን። እንደ ወንፈል ነው፤ በየተራ አንድ አዋቂ ያግዳል፣ ልጆች ከትምህርት መልስ ይረከባሉ። አንዱ ተራውን ሲበላ ጭቅጭቅ አለ፣ አልዋሽም። ግን ሦስተኛ ዓመታችን ነው።
ብር በእጃችን አትስጡን። ማዳበሪያ መግዣ ነው የምናደርገው። መስጠት ካማራችሁ ለጨነቀው ቤት የርቢ በግ ስጡ። ግልገሏ ስትሸጥ ለልጁ ጫማ ትሆናለች።

መልስ፦ የስንቅ ልጅ
ሁላችሁም ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆማችሁ። እኛ ዘጠነኛን የተማርነው ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተን ነው። አራት ሴቶች በአንድ ክፍል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የአራት ሰዓት መንገድ በእግር ወደ ቤታችን እንሄዳለን፣ እሑድ ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመን እንመለሳለን። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ከአራታችን ሁለታችን ጨረስን። አንዷ ያቋረጠችው ኪራይ አጥታ ነው፤ ሁለተኛዋን አከራዩ አስቸገራት፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።
ገንዘቡ የኔ ቢሆን ስምንተኛን ላለፉ ሴቶች ሴት አከራይ ያለችበት ቤት ፈልጌ ኪራዩን ለባለቤቷ በቀጥታ እልክላት ነበር።

ጠያቂው፦ የአምባው ልጅ
ተባረኩ። ትናንት ማታ ከጓደኞቼ ጋር ተደዋወልን። በመጀመሪያው ወር ብር የሽንት ቤቱን በር እናሠራለን፤ አናጺው የአጎቴ ልጅ ስለሆነ ዋጋ አይቆልልብንም። ከዚያ ለአምስት ሴቶች የቤት ኪራይ፣ ጥር ላይ ደግሞ ማካካሻ። ስለ ከብቱ አባቴን አነጋግራለሁ፤ ሽማግሌ ይሰማሉ። የኔታ ጠመኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ያ እረኛ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። መስከረም ላይ አምስተኛ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ይቀመጣል?

መልስ፦ ጠመኔ
ብቻውን አይቀመጥም። በዕድሜው የሚሆኑ ሌሎች ያቋረጡ አይጠፉም፤ ሁለት ሦስቱን ፈልጋችሁ አንድ ላይ አስመዝግቧቸው። መምህሩን ደግሞ አስቀድማችሁ አነጋግሩት፤ «የት ከርመህ ነው?» እንዳይለው።